እናቴ ስልክ ይዛ ማድቤት ስትገባ ጥሪው ለምን ይቆረጣል?

የማራኪዋ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ነው፣ ቤታችንን ግን በየምሽቱ ያጣላል።

ወንድሜ ውጭ አገር ነው፤ ማታ ማታ በቪዲዮ ይደውላል። እናቴ ደግሞ ቁጭ ብላ ማውራት አይሆንላትም። ሳሎን ትጀምራለች፣ ወጡ እንዳያርርባት ማድቤት ትሄዳለች፣ ቀጥሎ «ጎረቤቶቹን ሰላም በላቸው» ብላ ከአጥር በር ውጭ ትወጣለች። ዋናው ቤት የጭቃ ነው፤ ማድቤቱ ከጓሮ በኩል ነው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። ራውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስለሆነ ማድቤት አይደርስም ነበር። ስለዚህ ከጓደኛዬ አሮጌ ራውተር ተቀብዬ በገመድ አገናኘሁና ማድቤቱ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። ስሙንም «ማድቤት» አልኩት።

አሁን ማድቤት ውስጥ ሆና ጥሪ ብትጀምር ጥርት ያለ ነው። ከሳሎን ጀምራ ከሄደች ግን ግቢው መሃል ስትደርስ የወንድሜ ፊት ይደርቃል፣ ድምፁ እንደ ድሮ ካሴት ይጎተታል፣ «እንደገና በመገናኘት ላይ» የሚል ይመጣል፣ ከዚያ ጭጭ። እሷ «ዘጋብኝ» ትላለች፣ እሱ መልሶ ደውሎ «ምነው ዘጋሽብኝ» ይላል። የሚገርመኝ፣ እዚህ ጎንደር በተራ ጥሪ ከአዘዞ ታክሲ ይዤ ፒያሳ እስክደርስ አወራለሁ፣ አይቆረጥም። ይኼ ሃያ እርምጃ ላይ የሚሞተው ምን ሆኖ ነው?


ባለባጃጁ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡31

እኛ ኔትወርክ ራሱ ጠፍቶብን ስንፈልግ እናንተ ሁለት ዋይፋይ በአንድ ግቢ! ቀልዴን ነው እታለም፣ እኔም መልሱን እጠብቃለሁ።


ገመድ_ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡40

የማራኪዋ፣ አንድ ነገር እይልኝ። ስልኩን ሳሎን ይዘሽ የዋይፋዩን ዝርዝር ክፈችና አይፒ አድራሻ የሚለውን (ስልኩ ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው) ጻፊ። ከዚያ ማድቤት ገብተሽ እንደገና እዪ። ገመዱ ደግሞ አሮጌው ራውተር ላይ የገባው የትኛው ቀዳዳ ነው? ቀለሙ ከሌሎቹ የተለየው ነው?


የማራኪዋ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡58

ሳሎን 192.168.1.7፣ ማድቤት 192.168.0.102። ገመዱ አዎ፣ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ነው። ሌሎቹ ቢጫ ናቸው።


ገመድ_ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡20

በቃ፣ ተገኘ። እናትሽ ግቢውን ስታቋርጥ ቤት ትቀይራለች እንጂ ክፍል አትቀይርም።

ስልኩ ከወንድምሽ ጋር ሲያወራ ግንኙነቱ የሚታወቀው በአራት ነገር ነው፦ የራስ አድራሻ፣ የራስ በር ቁጥር፣ የዚያኛው አድራሻ፣ የዚያኛው በር ቁጥር። ከአራቱ አንዱ ሲቀየር የድሮው መስመር የለም። አሮጌው ራውተር በሰማያዊው ቀዳዳ ሲገባ ራሱን የቻለ መንደር ያቋቁማል፤ የራሱን አድራሻ ያድላል። ስለዚህ ስልኩ «ሳሎን»ን ለቅቆ «ማድቤት»ን ሲይዝ አድራሻው ከ1.7 ወደ 0.102 ይዞራል። አፑ የድሮውን መስመር ይዞ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። «እንደገና በመገናኘት ላይ» የምትለዋ አፑ በአዲሱ አድራሻ መንገድ ለመክፈት ሲሞክር ናት። አንዳንዱ አፕ ይሳካለታል፣ አንዳንዱ አይሳካለትም።

እንዲህ አድርጊ። ኮምፒውተር በገመድ ከአሮጌው ራውተር ጋር ብቻ አገናኝተሽ ማስተካከያው ውስጥ ግቢ። መጀመሪያ የራሱን አድራሻ 192.168.1.2 አድርጊው፣ ከዋናው 192.168.1.1 ጋር እንዳይጋጭ። ቀጥሎ ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፊው፤ አድራሻ የሚያድል አንድ ዳኛ ብቻ ይሁን፣ እሱም ሳሎን ያለው። ከሳሎን የሚመጣውን ገመድ ከሰማያዊው ነቅለሽ ከቢጫዎቹ አንዱ ላይ ሰኪው። የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃሉን፣ የጥበቃውን ዓይነት በትክክል እንደ ሳሎኑ አድርጊ፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቺ ስልኩ ሌላ ዋይፋይ ነው ብሎ ያስባል። ቻናሉን ግን ለይው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳሎኑ 1 ከሆነ ማድቤቱ 6 ወይም 11 ይሁን። ሁለቱ አንድ ቻናል ላይ ከሆኑ ተራ እየጠበቁ ነው የሚናገሩት።

ከዚያ በኋላ እናትሽ ስትሄድ አድራሻዋ 1.7 እንዳለ ይቆያል። ክፍተቱ አጭር ነው።


ሳሙና_በር
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡34

ገመድ ጠጋኝ ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ጎደለው። ስሙን አንድ ብታደርጊውም ስልክ ሙጭጭ ይላል። የሳሎኑ ምልክት እስኪሞት ድረስ አይለቅም። የእኔ ስልክ አጠገቡ ሙሉ ራውተር እያለ በአንድ መስመር ከሩቁ ጋር ይንጠለጠላል።


ገመድ_ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡41

እውነት ነው፣ ረስቼው ነው። ዋይፋይ ላይ መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው። አፕል ባወጣው ጽሑፍ አይፎን ሌላ ራውተር መፈለግ የሚጀምረው የያዘው ምልክት ከ−70 ዲቢኤም (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሲወርድ ነው። አንድሮይዱ እንደ አምራቹ ይለያያል። መድኃኒቱ ተቃራኒ ይመስላል፦ የሳሎኑን ራውተር ጉልበት ቀንሺው። ማስተላለፊያ ኃይል የሚል ካለው ከ«ከፍተኛ» ወደ «መካከለኛ»። ሰው ሁሉ ጉልበት ይጨምራል፣ ከዚያ ስልኩ አይለቅም ብሎ ያማርራል።

የማድቤቱ ቆርቆሮ ግን ይጠቅምሻል። እናትሽ በሩን ስታልፍ የሳሎኑ ምልክት በአንዴ ይወድቃል፣ ስልኩ ሳይወድ ይለቃል። ታዲያ አሮጌው ራውተር በሩን እንዲያይ አድርጊ፤ ውስጥ ብቻ ከታሰረ ስልኩ የማድቤቱን የሚሰማው የሳሎኑ ከጠፋበት በኋላ ይሆናል። ጭስ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ።


ማማ_ላይ_የሸበተ
እሑድ፣ ጠዋት 1፡50

ልጄ የማራኪዋ፣ የአዘዞውን ጥያቄሽን ማንም አልመለሰልሽም። እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ማማ መውጣት ካቆምኩ ወዲህ ሥራዬ ማውራት ነውና ላስረዳሽ።

የቀሃን ወንዝ በድንጋይ ላይ ተሻግረሽ ታውቂ ይሆናል። አንዱን እግር ሳታነሺ ሌላውን ቀጣዩ ድንጋይ ላይ ታሳርፊያለሽ። 3ጂ እንዲህ ነበር፤ ስልኩ ሁለትና ሦስት ጣቢያ በአንድ ጊዜ ይዞ ይሄዳል። 2ጂና 4ጂ ዝላይ ናቸው፣ አንዱን ለቅቆ ሌላው ላይ ማረፍ። ዝላዩ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ስለሆነ ጆሮ አያውቀውም።

ዋናው ልዩነት ማን ያዝዛል የሚለው ነው። ዋይፋይ ላይ ስልኩ እንደ ፈቀደ ነው አሉሽ። በሞባይል ኔትወርክ፣ ጥሪ ላይ ሳለሽ ስልኩ ይለካል፣ ኔትወርኩ ያዝዛል። በ2ጂ ስልኩ በየ480 ሚሊሰከንዱ የያዘውን ጣቢያና በደንብ የሚሰማቸውን ስድስት ጎረቤቶች ልክ ይልካል፤ «ወደዚያኛው ሂድ» የሚል ትእዛዝ ከላይ ይመጣል፣ መቀመጫውም አስቀድሞ ተይዞለታል። ስለዚህ ታክሲሽ ከአዘዞ ሽቅብ ሲመጣ አንቺ ታወሪያለሽ፣ ከኋላሽ ደግሞ ጣቢያዎቹ እንደ ተቀባበሉሽ አታውቂም።

በ4ጂም ጎረቤት ጣቢያ ከያዝሽው በጥቂት ዲሲቤል በልጦ፣ ብልጫውም ትንሽ ቆይቶ መታየት አለበት። ያ ባይኖር ሁለት ጣቢያ እኩል በሚሰማበት ቦታ ስልክሽ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይውል ነበር።

የሁሉም ሁሉ ግን፣ ጣቢያው ሲቀየር አድራሻሽ አይቀየርም። ዳታም ቢሆን። ዋናው ኔትወርክ መንገዱን ያዞራል እንጂ የአንቺን አይፒ አይነካም። የእናትሽ ግቢ ውስጥ ያጣችሁት እሱን ነው።


ባለባጃጁ
እሑድ፣ ጠዋት 2፡25

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ታዲያ እኔ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ አንድ ሁለት ኩርባ ላይ ሁልጊዜ የሚቆረጠውስ? ያ ሁሉ መለካትና ማዘዝ የት ሄደ? ሌላም አለኝ፦ ፒያሳ ስቆም ካርታው ይቆማል፣ ደንበኛ በአፕ ቢደውል አይገባም፤ ትንሽ ወረድ ስል ይመለሳል።


ማማ_ላይ_የሸበተ
እሑድ፣ ጠዋት 2፡50

ጎንደር ኮረብታ ናት፣ ወንድሜ። ለጥ ባለ ሜዳ ምልክት ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ስልኩም ለመለካት፣ ለመላክ፣ ትእዛዝ ለመቀበል ጊዜ አለው። ኩርባ ዞረህ ኮረብታው ከኋላህ ሲጋርድህ ግን ምልክቱ በአንዴ ይወድቃል። ሪፖርቱ ሳይደርስ ወይም ትእዛዙ ሳይመለስ የቆምክበት ድንጋይ ይከዳሃል። ከዚያ ስልኩ መስመሩ መጥፋቱን አረጋግጦ እንደ አዲስ ይፈልጋል፤ ዳታው ይመለሳል፣ ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ቦታውንና ሰዓቱን መዝግበህ ለኩባንያህ ንገር። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ የጎረቤት ጣቢያዎች ዝርዝር ወይም የአንቴና አቅጣጫ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይስተካከላል። «ኔትወርክ አይሠራም» ብለህ ብቻ ከደወልክ ግን የትኛው ኩርባ እንደሆነ ማን ያውቅልሃል።

የፒያሳው ሌላ ነው፣ ለልጆቹ እተወዋለሁ።


ሳሙና_በር
እሑድ፣ ጠዋት 3፡05

ባለባጃጁ፣ ፒያሳ የሆነ ካፌ ገብተህ ዋይፋይ ተጠቅመህ ታውቃለህ?


ባለባጃጁ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡09

አንድ ሁለቴ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። እንዴት አወቅህ?


ሳሙና_በር
እሑድ፣ ጠዋት 3፡22

ስልክህ አልረሳውም። ባጃጁን በሩ ላይ ስታቆም ያንን ዋይፋይ ያውቀዋልና ይይዘዋል። ዋይፋዩ ደግሞ መጀመሪያ ገጽ ከፍተህ ኮድ ካላስገባህ አያሳልፍም፣ ወይም መንገድ ላይ በአንድ መስመር ይሰማሃል። ስልኩ ዋይፋይ ያዝኩ ብሎ ዳታውን ይተወዋል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ያንን ስም ተጭነህ «እርሳ» በለው፣ ወይም «በራስ ሰር አገናኝ» የሚለውን አጥፋ። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት ሲም ካርዴን ስወቅስ ከርሜያለሁ።


ቴዎድሮስ_ግቢ
እሑድ፣ ቀን 6፡10

እኔ ደግሞ ተማሪ ነኝ፤ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ገብቼ ነው የምሠራው። ከላብራቶሪ ወደ ካፌ ስሄድ፣ ከዚያም ዳታ ላይ ስገባ መስኮቱ ይደርቃል። ረጅም ሥራ ጀምሬ ስንቴ ተቆርጦብኛል! ሁለት ነገር አዳነኝ። አንደኛው ሞሽ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በዩዲፒ (ቋሚ መስመር ሳይከፍት መልእክት በሚልክ ዘዴ) የሚሠራ፣ አድራሻህ ቢቀየር ግድ የሌለው። ላፕቶፑን ዘግቼ ሰፈር ገብቼ ስከፍተው ያቆምኩበት ፊደል ላይ አገኘዋለሁ። ሁለተኛው ዋየርጋርድ ቪፒኤን ነው። ሰርቨሩ የሚያውቀኝ በቁልፌ እንጂ በአድራሻዬ አይደለም፤ በቁልፉ የታሸገ መልእክት ከአዲስ አድራሻ ሲመጣለት መልሱን ወደዚያ ይልካል። ዋይፋይ፣ ዳታ፣ ሌላ ዋይፋይ፣ በውስጡ ያለው መስመር አይቆረጥም።


ወገራ_ብርድ
እሑድ፣ ቀን 7፡45

ይኼ ነገር አዲስ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሞባይል አይፒ የሚባለው ደረጃ በ1996 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 2002 (የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡበት ሰነድ ቁጥር ነው) ወጥቷል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ቤት ስትቀይር የድሮው ሰፈር ውስጥ አንድ ወኪል ትተዋለህ፤ ደብዳቤ በድሮው አድራሻ ሲመጣ ወኪሉ ተቀብሎ ወዳለህበት ይልክልሃል። ላኪው መዛወርህን አያውቅም። እኔ የምለው፣ ኔትወርኩ ይህን ቢሠራ ኖሮ እያንዳንዱ አፕ የራሱን መላ አይፈልግም ነበር።


ቴዎድሮስ_ግቢ
እሑድ፣ ቀን 8፡02

ታዲያ ለምን በየስልኩ አልገባም? ወኪሉን ማን ያቆምልሃል? ሁሉም ደብዳቤ በድሮው ሰፈር ይዞራል፣ ጎረቤትህ የላከልህም ሳይቀር። ብዙ ኔትወርክ ደግሞ «ይህ አድራሻ የእኔ ሰፈር አይደለም» ብሎ የምትልከውን ይጥለዋል። ሥራው ከኔትወርኩ ወደ ዳር፣ ወደ አፖቹ የወጣው ለዚህ ነው። ኩዊክ የሚባለው አዲሱ የዳታ ማስተላለፊያ ደንብ በ2021 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 9000 ሆኖ ሲወጣ ለግንኙነቱ የራሱ መለያ ቁጥር ሰጠው፤ አይፒ ቢቀየርም መለያው ይቀጥላል። አፕልም በ2013 እ.ኤ.አ. ለድምፅ ረዳቱ ለሲሪ መልቲፓዝ ቲሲፒ አስገብቷል፣ ዋይፋይና ዳታን አብሮ ይዞ አንዱ ሲሞት በሌላው እንዲቀጥል። በድንጋይ ላይ መሻገር እንዳሉት ጋሼ፣ ሁለት እግር ሁለት ድንጋይ።


ወገራ_ብርድ
እሑድ፣ ቀን 8፡15

እሱ ለሲሪና ለድረ ገጽ ነው። የሴትዮዋን ጥሪ የሚሠራው አፕ ይህን ካላስገባ ምን ይፈይድላታል? አሁንም ዕድሏ በአፑ ሠሪ እጅ ነው።


ቴዎድሮስ_ግቢ
እሑድ፣ ቀን 8፡19

እዚህ ላይ ረታኸኝ።


አራዳ_ሁለት_ሲም
እሑድ፣ ማታ 1፡30

ሁለት ሲም አለኝ፣ የሁለቱም ኩባንያዎች። አንዱ ሲደክም ስልኩ በራሱ ወደ ሌላው ዳታ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ግን ሁለቴ ተባረርኩ። ሌላው ችግሬ፣ በሆትስፖት ላፕቶፕ ላይ ስሠራ ሰው ተራ ጥሪ ሲደውልልኝ ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል።


ማማ_ላይ_የሸበተ
እሑድ፣ ማታ 2፡05

ሲም መቀየር ሃንድኦቨር (ጣቢያ ከጣቢያ መቀባበል) አይደለም። ኩባንያ ከኩባንያ አይቀባበልህም፤ አንዱ በር ተዘግቶ ሌላው ይከፈታል፣ አድራሻህም አዲስ ነው። ስብሰባ ሲኖርህ ያንን ራስ ሰር መቀየሪያ አጥፋውና አንዱ ላይ ቁረጥ።

የሆትስፖቱ ምክንያት ሌላ ነው። 4ጂ የተሠራው ለዳታ ነው። ቮልቲ (ድምፅን በ4ጂ ላይ የሚያስተላልፈው) ካልበራልህ ስልክህ ጥሪ ሲመጣ ድምፁን ለማስተናገድ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። 3ጂ ላይ ከወረደ ዳታው ይዘገያል፤ 2ጂ ላይ ከወረደ ጥሪው እስኪያልቅ ይቆማል። በስልክህ ማስተካከያ፣ በሲሙ ገጽ ላይ የቮልቲ መክፈቻ ካለ አብራው፤ ከሌለ ስልኩ ወይም መስመሩ አይደግፍም ማለት ነው። ያኔ ሆትስፖቱን ከአንድ ስልክ፣ ጥሪውን ከሌላ ማድረግ ነው፤ እኔ አንዷን ባለ ቁልፍ ስልኬን ለዚህ ነው ያልጣልኳት።


የማራኪዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ወገኖቼ፣ ተሳካ! በከፊል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ የተባልኩትን አደረግሁ። መጀመሪያ ዲኤችሲፒውን አጥፍቼ አድራሻውን ሳልቀይር ቀረሁና ራውተሩ ውስጥ መግባት አቃተኝ፤ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ወግቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሁን ሳሎን 192.168.1.7፣ ማድቤትም 192.168.1.7። የሳሎኑን ጉልበት መካከለኛ ላይ አደረግሁት። ሰኞ ማታ እናቴ ስታወራ ከኋላዋ ተከተልኳት። በረንዳውን ወረደች፣ የልብስ ገመዱን ጎንበስ ብላ አለፈች፣ የማድቤቱን በር ስታልፍ የወንድሜ አፍ ለአንዲት አፍታ ተከፍቶ ቀረ፣ ከዚያ ቃሉን ጨረሰ። እሷ ምንም አላወቀችም። ክዳኑን አንስታ ወጡን አሳየችው።

ያልተሳካው የአጥር በሩ ነው። ውጭ ስትወጣ ዋይፋዩ በአንድ መስመር እየተጎተተ ይቆያል፣ ከዚያ ይቆረጣል። «ከመውጣትሽ በፊት ዋይፋዩን አጥፊ» ብላት «እኔ ከልጄ ጋር እያወራሁ ምን እነካካለሁ» አለችኝ።


ገመድ_ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡26

እሰይ! እዚያ በር ላይ አድራሻ መቀየሩ አይቀርም፤ ከቤታችሁ ኢንተርኔት ወደ ሞባይል ዳታ ነው የምትሄደው። የምትችይው ሙጭጭ ማለቱን ማሳጠር ነው። ስልኩ ሳምሰንግ ከሆነ የዋይፋይ ማስተካከያው ውስጥ ዋይፋዩ ሲደክም ወደ ሞባይል ዳታ ቀይር የሚል አለ፤ አይፎን ከሆነ ዋይፋይ አሲስት የሚለው፣ በሞባይል ዳታ ገጽ መጨረሻ ላይ። ዳታው ራሱ መብራቱን አትርሺ። ካበራሽው በኋላ ጥቅሉን ተከታተይ፤ ሳታውቂው ከዳታ ላይ ይበላል።


የማራኪዋ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡48

ሳምሰንግ ነው፣ አበራሁት። ዛሬ በሩ ላይ አራት ሰከንድ ያህል ደርቆ ተመለሰ። እናቴ «ቆይ፣ እየመጣ ነው» ብላ ለጎረቤቶቹ አስረዳች፤ ተለማመደችው መሰለኝ። ከዚያ መብራት ጠፋና ሁለቱም ራውተር ሞቱ።


ሳሙና_በር
ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ይሸጣል። ከመግዛትሽ በፊት የሁለቱንም ቻርጀር ጀርባ አንብቢ፤ አንዱ 12 ቮልት አንዱ 9 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ አሳስተሽ እንዳትሰኪ።


ባለባጃጁ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡02

የካፌውን ዋይፋይ «እርሳ» አልኩት፣ ፒያሳ ላይ ካርታው አይቆምም አሁን። ሳሙና በር፣ ማኪያቶ አለብኝ። የማራኪዋ፣ ገመዱ ስንት ሜትር ፈጀ? እኔም ለእናቴ ቤት ልዘረጋ ነው።


የማራኪዋ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡07

22 ሜትር። በቀጥታ 15 ይበቃ ነበር፣ በጣሪያው ጠርዝ ስር ስለዞርኩት ነው። ግቢው ላይ የሚያልፈውን በውሃ ቱቦ ውስጥ አስገብተው፣ የኔን ዶሮዎቹ ሲጫወቱበት ነበር።